ሴት በማይገባበት የገባ ጽሑፍ

ደሴቱ ላይ ያለው ገዳም ሴት አያስገባም። የመጻሕፍቱ ጠባቂ፣ የኔታ፣ የምንልክላቸውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ራሳቸው ሲጭኑ አጠገባቸው ቆሜ ላሳያቸው አልችልም ማለት ነው። የምደርስላቸው በጻፍሁት ማሳሰቢያ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ቤት እሠራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ፣ ከዚያ በላይ የለኝም። ሥራዬ ፕሮግራም ሲጫን ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን አማርኛ መጻፍ ነው። ይኸኛው የገዳሙን የብራና መጻሕፍት መዝገብ የሚይዝ ነበር፤ አዲሱ ሲጫን አሮጌው መዝገብ ይጠፋል። ስለዚህ «መጀመሪያ አሮጌውን መዝገብ ፍላሽ ላይ ይገልብጡ» የሚለውን ለብቻው፣ ከላይም ከታችም ባዶ መስመር ትቼ ጻፍሁት።

ፕሮግራሙን የሚያሽገው ስክሪፕት፣ ማለት የትእዛዝ ዝርዝሩ ግን፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ማሳሰቢያን ሁሉ አገጣጥሞ አንድ አንቀጽ ያደርገዋል። ስንሞክረው አየሁት። ከሰላምታው እስከ ስልክ ቁጥራችን አንድ ጥቁር ግድግዳ።

«አስተካክለው» አልሁት ስክሪፕቱን የሚጽፈውን ባለ ዲግሪ።

«ዲፎልቱ ነው እኮ፣ ካልነኩት እንዲሁ ነው። ደግሞ ማን ያነበዋል?»

«የኔታ ናቸዋ! ካልሆነ ሂድና ራስህ ጫንላቸው። ወንድ አይደለህ?»

«ጀልባ ያዞረኛል። አንቺ ፊደልሽን ልቀሚ፣ ቅርጹን ለእኔ ተይው።»

ወደ ፊደሌ ተመለስሁ፤ ፕሮግራሙም እንዳለ ተላከ። ለዚያ እስካሁን ራሴን ይቅር አላልሁም።

በሳምንቱ የኔታ ደወሉ። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ጣት የለቀሙት መዝገብ የለም። ሁለታችንም በጀልባ ሄድን። እኔ ከጀልባ ማቆሚያው አላለፍሁም፤ እሳቸው ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው ወረዱ።

«ማሳሰቢያውን አላነበቡትም እንዴ?» አላቸው ባለ ዲግሪው፣ እጅ እንኳ ሳይነሳ።

«አየሁት። እኛ ዘንድ ‹ይህን አድርግ› የሚለው በቀይ ቀለም ተለይቶ ይጻፋል። ያንተ በሰላምታ ጀምሮ ወጥ ሆኖ ይሄዳል። የደብዳቤ መግቢያ መስሎኝ አለፍሁት።»

«የጻፈችው እሷ ናት» አለ፣ በአገጩ እያመለከተኝ።

ደሜ ፈላ። ስልኬን አውጥቼ የጻፍሁትን ከእሳቸው ስክሪን ጎን ያዝሁላቸው። «ይኸው የእኔ፣ የኔታ። ይኸው እሱ የላከው።»

አዩ፣ ደግመው አዩ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ማን ደባለቀው?»

«ስክሪፕቱ ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያው እሱን ጥራልኝና ይጠየቅ።»

ጀልባ ነጂው በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም። መዝገቡ በሳቅ አይመለስም።

ሦስት ቀን እየተመላለስን ሠራን። ባለ ዲግሪው መጻሕፍቱ ያሉበት ዕቃ ቤት ገብቶ የየመጽሐፉን ስም ወረቀት ላይ ይገለብጣል፣ እኔ ታች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ላፕቶፑ ውስጥ አስገባለሁ። ግእዙን ሲያበላሽ የኔታ ሲቆጡት ድምፃቸው እስከ ውኃው ይሰማኝ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በመሀል ስክሪፕቱን ከፍቼ መስመሬን እንዳይነካ የሚከለክለውን ትእዛዝ ጨመርሁ። አንዲት መስመር ናት። አንዲት!

የመጨረሻው ስም ሲገባ የኔታ ራሳቸው መዝገቡን ፍላሽ ላይ ገለበጡ፤ ፍላሹንም ቀበቷቸው ሥር ሸጎጡት።

ስንመለስ ባለ ዲግሪው ጀልባው አዙሮት ፊቱ ገርጥቶ «ለአለቃችን ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«የሆነውን።»

«እህቴ፣ ተይ እንጂ...»

«እህትህ አይደለሁም» አልሁት። በማግሥቱ፣ የአለቃችን ቢሮ ገና ሲከፈት፣ ገብቼ ተናገርሁ።