ሃያ ክንድ የጎደለው ገመድ

ሳቲ ዐሥራ አንድ ዓመት ከመስኖ ቀያሾች ጋር ገመድ ሲጎትት ኖሮ፣ ሲያረጅ ከዶንጎላ በታች ወዳለችው መንደሩ ተመለሰ። ፊደል አልቆጠረም። ከቀያሾቹ ያተረፈው ነገር ቢኖር ዐሥራ ሁለት ቦታ የተቋጠረ ገመድ ነው፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት አድርጎ ሲወጥረው ቀጥ ያለ ማዕዘን ይወጣለታል። ሰው ቤት ሲሠራ ሳይጠሩት ሄዶ ግድግዳውን ስለሚለካ፣ "መሐንዲሱ መጣ" እያሉ ይስቁበት ነበር።

በአንድ የጎርፍ ዓመት፣ ስምንት ሴቶችና ልጆች ቴምር ሊለቅሙ ወንዙ መሀል ወዳለችው ደሴት በተሻገሩበት ዓባይ ድንገት ሞላና ያጥለቀልቃት ጀመር። የመንደሩን ብቸኛ ጀልባ ውሃው ወሰደው። የሳቲ ልጅ ንዕማትና ትንሿ ልጇ እዚያው ናቸው። ስምንቱም አንዲት ቴምር ሥር ተጠጋግተው ይጣራሉ። ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል።

የንዕማት ባል ተይፉር ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ሊገባ ሲል ሳቲ ክንዱን ያዘው።

"ቆይ፣ ልለካው።"

"አባቴ፣ ሚስቴ ልትሰጥም ነው፤ እርስዎ ይለካሉ?"

ሳቲ የተቋጠረውን ገመድ በቴምሯ ትይዩ ወጠረና አንዱን ጎን ወደ እሷ፣ ሌላውን በዳርቻው አቀና። ከዚያ ሁለት ጎኗ እኩል የሆነች የእንጨት ማዕዘን ይዞ፣ ሰያፉ ጎን ቴምሯን እስኪያሳየው ዳርቻ ዳርቻውን ሄደ። የሄደው መቶ ስልሳ ክንድ ሆነ። ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሆኑ እስከ ቴምሯ ያለው የውሃው ስፋትም ያው ነው።

"ገመዱ መቶ ሰማንያ ነው። እንዲያውም ይተርፋል" አለ ተይፉር።

"ውሃው ቀጥ ብለህ እንድትዋኝ መች ይተውሃል? ወደ ታች ይወስድሃል። ቴምሯን ለማግኘት ከላይ ከግራሩ መነሳት አለብህ፤ ገመዱን የሚይዝልንም እሱ ብቻ ነው። ግራሩ ከዚህ መቶ ሃያ ክንድ ይርቃል። ስፋቱ አራት አርባ፣ ርቀቱ ሦስት አርባ፣ ሰያፉ አምስት አርባ። ሁለት መቶ ነው፣ ልጄ። ሃያ ክንድ ሲቀርህ መሀል ላይ አንቆ ያስቀርሃል።"

ተይፉር መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ቤቶቹ በጎርፉ ፈራርሰው አልጋዎቹ ጭቃ ውስጥ ተቀብረዋል። በገመድ የተጠለፈ አንድ አልጋ ብቻ ቀርቷል፤ መስጊዱ ውስጥ ያለው የሬሳ አልጋ። ሳቲ ሊፈታው ሲጀምር ሰዎች አጉረመረሙ።

"ፍታው" አለች አሮጊቷ ሐጃ በቱል። "ዛሬ ካልተፈታ ነገ አንድ አልጋ አይበቃንም።"

ቋጠሮው በዘመናት ላብና አቧራ ጠንክሯል። ሳቲ በጥርሱ ጭምር ፈታው። ሦስት እጥፍ ገምዶ እስኪቀጥለው ድረስ ውሃው ከጉልበት ወደ ደረት ወጣ። የንዕማት ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማዋል፤ "አባዬ" ትላለች። ቀና ብሎ አላየም።

ተይፉር ከግራሩ ተነስቶ ገባ። ቴምሯን ሲይዝ ከገመዱ የተረፈው አንድ ቋጠሮ የሚሆን ብቻ ነበር። ባዶ ጀሪካን እያቀፉ፣ ገመዱን እየጨበጡ ልጆቹ መጡ፤ ቀጥሎ ሴቶቹ። ንዕማት ልጇን አስቀድማ ሌሎቹን ገመዱን ስታስይዝ ቆይታ መጨረሻ ቀረች። ተይፉር እጁን ሲዘረጋላት ቴምሯ ከነሥሯ ተነቀለች፤ እሱን ገመዱ ወደ ዳር አወጣው፣ ንዕማትን ግን ውሃው ይዟት ሄደ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ሳቲ አማቹን ጠየቀው፤ "ያኔ ብለቅህ ኖሮ?"

"መሀል ላይ እቀር ነበር። ስምንቱም አይተርፉም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ሳቲ። "ሒሳቡን አውቀዋለሁ።"

አሁን ቤት የሚሠራ ሁሉ እየመጣ ይለምነዋል። ሳቲ ግን የሰው ግድግዳ መለካት ትቷል።