ሰው ሁሉ የሚወርድበት ቦታ

ባቡሩ አልመጣም። መንገዱ ግን ተደልድሎ፣ ጠጠር ተነጥፎበት፣ ከሰፈራችን በላይ ተጋድሟል። ሐዲድ እስኪዘረጋበት እግረኛ ወረሰው። ገበያተኛውም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም፣ ወደ መስጊድ የሚሄደውም በእሱ ላይ ነው። እውነቴን ነው፣ ለእግር እንዲህ የሚመች መንገድ የለም። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። በአንድ በኩል የሐይቅ ውሃ ከእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ጋር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በሌላው በኩል የአምባሰል ገደል ጉም ለብሶ ይቆማል።

እኔ ግን ውሃና ገደል ለማየት አልነበረም የምሄደው። እናቴ የሞተችው ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ሳለሁ ነው። አሠሪዎቼ አልለቀቁኝም። አልቀበርኳትም። በስልክ እየጮህኩ ሳለቅስ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ "አይዞሽ አበባዬ፣ መቃብሯ የት ይሄድብሻል፣ ስትመጪ ታገኚዋለሽ" አለችኝ። እዚያ ያን ቃል ይዤ ነው የኖርኩት። ኋላ የባቡሩ መንገድ በድሮው መቃብር ላይ ሲመጣ፣ ሙታኑ ወደ አዲስ ቦታ መዛወራቸውን፣ እናቴም አብራ መዛወሯን አክስቴ ነገረችኝ። አገሬ ስገባ ሻንጣዬን ሳልፈታ የሮጥኩት ወደዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ በባቡሩ መንገድ ሄጄ ከጉብታዋ አጠገብ ቁጭ እላለሁ። ዱዓ አደርጋለሁ፣ የሆዴን እነግራታለሁ።

መንገድ ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ዘንድ፣ የሚያናድደኝ ነገር ነበር። ሰዉ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ከድልድሉ ይወርዳል። ደህናውን መንገድ ትቶ በታች በኩል በእሾህና በጭቃ ይዞርና ራቅ ብሎ እንደገና ይወጣል። ሽንኩርት የተሸከመውም ይወርዳል፤ ክርስቲያኑ አማትቦ ይወርዳል፤ ባለ አህያው አህያውን እየጎተተ ይወርዳል። ለምን ስላቸው "አፈሩ ይከዳል" ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ከዓይኔ ያሸሻሉ። አፈሩ እኮ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው! እኔ ምን ቆርጦኝ እወርዳለሁ? "እንደ በግ መከታተል!" እያልኩ በላዩ ቀጥ ብዬ አልፋለሁ።

አረማመዴ ደግሞ ከባድ ነው። ልጅ ሆኜ እየሮጥኩ ቤት ስገባ እናቴ፣ "ኧረ ቀስ! መሬቱ ምን አደረገሽ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እዚያች ቦታ ላይ ታዲያ ኮቴ ይሰማኝ ጀመር። ጠጠሩ ከኋላዬ ኮሽ ይላል፤ ስቆም ይቆማል። ስዞር ማንም የለም። አዑዙ ቢላሂ ብዬ እፈጥናለሁ። አንዳንዴም የእናቴ የፀጉር ቅቤ፣ ያ አሪቲ የገባበት፣ ሽው ይለኛል። አዲሱ መቃብር ዘንድ ግን የቱንም ያህል ብቀመጥ ምንም የለም። የማላውቀው ሰው በር ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ሳልቀብራት ቀርቼ ተቀይማኛለች አልኩ። ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ክረምት ላይ አክስቴን ይዣት ሄድኩ። እሷ ብትለምንልኝ ትሰማት ይሆናል ብዬ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አክስቴ ጉልበቷን ስለሚያማት የምትሄደው በምርኩዝ ነው። ባሕር ዛፎቹ ዘንድ ስንደርስ ወደ ጭቃው ልትወርድ እግሯን ሰደደች።

"ኧረ በአላህ! በዚህ ጉልበት? በላይ እንለፍ" ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

"ልቀቂኝ።"

"ትወድቂያለሽ እኮ እታለም! ምኑ ነው እንዲህ የሚያስፈራችሁ?" ወደ ላይ ጎተትኳት።

ምርኩዟን ጣለችና ጭቃው ላይ ዘጭ አለች። "እህቴን አልረግጥም!" አለች። "ብትገድዪኝ አልረግጣትም!"

እዚያው ተቀምጣ እያለቀሰች ነገረችኝ። መቃብሩ ሊነሳ ሰሞን ጎርፍ የእናቴን ምልክት ድንጋይ ጠርጎ ወስዶት ነበር። ሰዉ በዶማ ፈለጋት፣ ፈለጋት፤ አልተገኘችም። ዶዘሩ ቆሞ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ሼሁ ከዚያው አንድ እፍኝ አፈር በነጭ ጨርቅ ቋጥረው አዲሱ ቦታ ቀበሩት፤ እናቴ እዚሁ ባሕር ዛፎቹ ዘንድ ከመንገዱ ሥር ቀረች። "መቃብሯ አለ ስላልኩሽ ነው በሰው አገር የቆየሽው፤ ምን ብዬ ልንገርሽ?" አለችኝ። አገሩን ሁሉ እስላሙን በአላህ፣ ክርስቲያኑን በማርያም አስምላ ዝም አሰኝታዋለች። ሰዉ እኔን እየዋሸኝ፣ ለእናቴ እየወረደላት ኖሯል።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አክስቴን ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ጫማዬ ላይ አረፈ። የሆዴን ሁሉ ለአንድ እፍኝ አፈር ስነግር፣ እናቴን ሐሙስ ሐሙስ በጫማዬ ስረግጣት ነው የከረምኩት። ያ ከኋላዬ የሚሰማኝ ኮቴ የራሴ ነበር፤ እሷ ከታች ሆና የምትሰማው።

ጫማዬን አውልቄ፣ አክስቴን አዝዬ፣ ወረድኩ። በታች በኩል ቀስ እያልኩ ዞርኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ቀስ ብዬ ረግጬ አላውቅም። ኮቴ አልተሰማኝም።

ሰሞኑን ሐዲዱ ሊዘረጋ ነው የሚል ወሬ ተነስቷል። አገሩ ደስ ብሎታል፤ ወጣቱ ሥራ ይገኛል ይላል፣ ደግሞስ ማን ይጠላል? እኔ ግን ወሬውን ከሰማሁ ጀምሮ ምግብ አይወርድልኝም። ሰው ይወርድላታል። ባቡር አይወርድላትም።