የሞጣው የገለባ ቀብር

ጽሕፈት ብዙ አልችልም። ፊደል የቆጠርሁት ቄሱ ዘንድ አንድ ክረምት ብቻ ነው። ቢሆንም ይህን ነገር ራሴ ብጽፈው ይሻላል፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ሁልጊዜ መሳቂያ ያደርገዋል።

ያን ጊዜ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ። እኔ ቢቸና እኖራለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ሚስት አግብቶ ሞጣ ነበር። በአባታችን ርስት ድንበር ተጣልተን አምስት ዓመት አልተነጋገርንም። በመካከሉ ሚስቱ ሞተች። መርዶው ደርሶኝ አልሄድሁም። ምሳዬ ቀርቦ ነበር፤ በላሁና ወደ እርሻዬ ወጣሁ። ደግ ሴት ነበረች። በሠርጓ ቀን ከበቅሎ አውርጄ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ የምጠራትም እህቴ እያልሁ ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሽማግሌዎች ገቡና ሞጣ ላይ እንድንታረቅ ቀን ቆረጡ። እሺ አልሁ፤ ግን በለቅሶው ነገር ይቅርታ ከአፌ አይወጣም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ጉንደወይን አድሬ፣ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሞጣ ደረስሁ።

ከከተማው መግቢያ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። በሰሌን የተጠቀለለ አስከሬን በአልጋ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሴቶች ደረት ይመታሉ። በእኛ አገር በቅሎ ላይ ተቀምጦ አስከሬን ማለፍ ነውር ነው፤ የጠላትም ቢሆን። ወረድሁ። ልጓሙን ዳር ለቆመ ገበሬ ሰጠሁ፣ እንደ ለቀስተኛ የኩታዬን ጥለት ወደ አንገቴ አዞርሁና ገባሁ። ማን እንደሞተ አልጠየቅሁም። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ በኋላ ይጠየቃል።

ስጀምር ለወጉ ነበር። ከዚያ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ እህቴን፣ እህቴን እያልሁ አልጋውን ተከተልሁ። እንባው ጢሜን አራሰው።

አንድ ሰው «በቃ» ሲል ተሸካሚዎቹ አልጋውን እንደ ማገዶ መሬት ጣሉት። ሴቶቹ ዝም አሉ፤ አንዷማ ነጠላዋን እያስተካከለች ሳቀች። እኔ ብቻዬን እያለቀስሁ ቀረሁ። ሕዝቡ እስኪበቃው ሳቀብኝ። ነገሩን ያስረዳኝ በቅሎዬን የያዘው ገበሬ ነው፤ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ፊልም እያነሱ ነው፣ ሰሌኑ ውስጥ ያለውም የጤፍ ገለባ ነው። ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም ብዬ ብጠይቀው፣ ዘመድ መስለኸኝ አለ።

አለቃቸው፣ ባርኔጣ ያደረገ ጎልማሳ፣ እየሮጠ መጣ። ተናድዶ መስሎኝ ዱላዬን ጠበቅ አደረግሁ። እሱ ግን እጄን ይዞ አመሰገነኝ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለቀሰ የለም አለ። ካሜራው ግን ፊቴን አላገኘውም፤ ስለዚህ በቅሎዬ ላይ ወጥቼ፣ ዳግመኛ ወርጄ፣ ዳግመኛ እንዳለቅስ ለመነኝ።

«ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስለትም» አልሁት።

«አባቴ፣ ሰው የለበትም እኮ። ገለባ ነው።»

«ለገለባማ አንዱም በዝቷል።»

ይህን ጊዜ ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው ወጣ። ወንድሜ ነው። ፊልሙን ሊያይ ከጧት ጀምሮ ቆሞ ኖሯል። ጠጉሩ ጥጥ ሆኗል። አልሳቀም።

«ለገለባ ይህን ያህል እንባ ካለህ፣ ለእሷ ምን ነሳህ?» አለኝ።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ሁለት ቀን ሙሉ በቅሎ ላይ ስደግመው የመጣሁት የድንበር ነገር። እሱን ተውሁት።

«ለገለባ አይደለም ጋሼ። እህቴን ስል አልሰሙኝም?»

ይህን ሲሰማ የበቅሎዬን ልጓም ከገበሬው ተቀበለና ፊት ፊት ሄደ። ባለ ባርኔጣው ተከትሎ ሲለምን ወንድሜ ዞር ብሎ፣ ያለቅሳል፣ እዚህ ግን አይደለም አለው። ወደ ቤት መስሎኝ ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደኝ። መቃብሯ ላይ ድንጋይ ተከምሯል፣ በመካከሉ ሣር በቅሏል። ጥለቴን እንደገና አዞርሁ። ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስለትም ያልሁትን ዛሬም አልሽርም፤ የሜዳውን አልቆጥረውም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የለቅሶውን ነገር ሊያነሱ ሲሉ፣ ወንድሜ እሱ አልቋል፣ ወደ ድንበሩ እንግባ አለ። ገባን። እስከ ማታ ተጨቃጨቅን።