ጋሽ ወርቅነህን ደርግ ያልኩ ዕለት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔ ታምሩ፣ የጎረቤቴ ድመት ብታስነጥስ ለመላው ቶሮንቶ የማወራ ሰው፣ ይህን ግን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ያልሠራሁትን ኃጢአት ሁሉ እየመረቅኩ ስናዘዝ፣ ይህችን አንዷን በሆዴ ይዤ እመለሳለሁ። አንባቢዬ፣ ዛሬ አንተ ስማኝ።

ጋሽ ወርቅነህ በደርግ ዘመን በሱዳን አድርገው የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻ የገዙ ሰው ነበሩ። እርሻዋ ትንሽ ናት፤ እኔ ግን ለሰው ሳወራ ጎጃምን አሳክላት ነበር። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ጓደኞቼ ናቸው፤ መሬቷን ዞር ብለውም አያይዋት። የምታርሳት ሴት ልጃቸው ሕይወት ነበረች። ጎመንና ቃሪያ እያመረተች ለሐበሻ ሱቆች ታከፋፍላለች።

አንድ ቀን ጋሼ ኮል አድርገው ኢስት ዮርክ ቤታቸው ጠሩኝ።

«ያባቴ መሬት ለስምንት ልጅ ተቆራርሶ በሬ የሚዞርበት ጠፋ» አሉኝ። «ይህችኛዋ እንዳትቆረስ፣ ለልጅ ልጅ እንድትተርፍ ትራስት በሚሉት የአደራ ውል ውስጥ ላስገባት ነው። የሚያርስ ያርሳል፤ የሚሸጥ ግን የለም። ጠበቃው ከልጆችህ ውጪ አንድ ባለአደራ ምረጥ ብሎኛል። ስሞት የምትጠብቃት አንተ ነህ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። አፌ እሺ ሲል ነፍሴ በመስኮት ዘላ ወጥታለች። ለሰው መሬት ብዬ ከጓደኞቼ ልጣላ? እዚያው «ይቅርብኝ» ብል ምን እሆን ነበር? ግን አላልኩም።

የፋሲካ ዕለት ለምሳ ተሰበሰብን። ሕይወት ችግኞቿን ውርጭ እንዳይመታባት ልትሸፍን እርሻው ሄዳ ገና አልመጣችም። ጋሼ ነገሩን ለልጆቻቸው ሊያወጡ ጉሮሯቸውን ጠረግ ሲያደርጉ፣ እኔ ቀደምኳቸው።

«ስሙ፣ ስሙ! ደርግ እንኳ የወረሰው የሰው መሬት ነው፤ ጋሼ የገዛ ልጆቻቸውን ሊወርሱ ነው! እኔን ደግሞ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አድርገውኛል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳንፎርዝ ጎዳና ድረስ የተሰማ መሰለኝ። ትልቁ ልጅ ብድግ ብሎ ክንዱን እንደ ካድሬ ወደ ላይ አነሳና «ጓድ ወርቅነህ! መሬት ላራሹ!» አለ። ላራሹማ ቢሆን ለሕይወት በሆነች ነበር!

ጋሼም አብረው ሳቁ። ግን የያዙትን የዶሮ ብልት መልሰው ሳህኑ ላይ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ደርግ ወንድማቸውን የበላባቸው ሰው ናቸው። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲያ ስለ ትራስት ትንፍሽ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። በቀጣዩ ዊንተር አረፉ። መሬቷ የሦስቱ ልጆች ሆነች። ወንዶቹ እንሽጥ አሉ፤ ሕይወት የነሱን ድርሻ የምትገዛበት አቅም የላትም። ዛሬ ያ የጎመን መደብ የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው።

ቀልድ ነበር ልበል? ቀልድ አልነበረም። እምቢ የምልበት ወኔ አጥቼ፣ የሰጡኝን አደራ በልጆቻቸው ፊት ማላገጫ አደረግኩት። ማንም አልገፋኝም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሕይወት ቤቴ መጣች። አሁን የምትኖረው ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳዋ ላይ በባልዲ ያበቀለችውን ጎመን በፌስታል ይዛልኝ ነበር።

«ታሜ፣ አባዬ ግን ጠበቃው የነገረኝን ያንን ትራስት ለምን እንደተወው ነግሮህ ያውቃል?»

ይኸው፣ በሩ ተከፈተልኝ። እኔስ ምን አልኩ?

«አባትሽማ ከጠበቃ ጋር ከመዋል ከድብ ጋር መታገል ይሻላል ብለው ነው!»

ከት ብላ ሳቀች። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችና ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ጎመኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለመብላትም ለመጣልም አፍሬያለሁ። አንባቢዬ፣ ፍታኝ አልልህም። ይቅር ማለት የሷ ነው፤ እሷ ደግሞ አመስግናኝ ነው የሄደችው።