በጥር የተመዘገበ ንዳድ

የማሽላው አጨዳ ካለቀ ወር አልፎት ነበር። እህቴ ሐሊማ ግን ጠዋት ጠዋት ወንጭፏን ይዛ ማማው ላይ መውጣቷን አልተወችም። ማማ ማለት እኛ ቆቦ ማሽላው ሲያፈራ ወፍ የምንጠብቅበት፣ ከእንጨት የሚሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። እህሉ ሲገባ ጠባቂውም ይወርዳል። እሷ አልወረደችም። አገዳው ተቆርጦ፣ ከብቱ የቀረውን ቃርሞ፣ መሬቱ ራቁቱን ቀርቶ ሳለ፣ በባዶው ማሳ ላይ ድንጋይ ትወረውር ነበር።

ያኔ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። በጥር አጋማሽ ለዕረፍት ስመጣ መጀመሪያ ያየሁት ይህንን ነው። ሳቅሁ። ከታች ሆኜ «እታለም፣ ወፎቹ እኮ ወደ አፋር ወርደዋል፤ አንቺም ውረጂ» አልኋት።

እሷ አልሳቀችም። «የወረዱት ዝም ያሉት ናቸው። ስሜን የሚጠሩት እዚሁ አሉ» አለችኝ።

ያን ንግግር ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ያን ቀን ግን ቀልድ አድርጌ አለፍሁት። ይህን የምጽፈውም እንዲህ ያለ ነገር ከቤተሰቡ ሰው አፍ ሰምቶ፣ ምን እንደሚያደርግ ግራ ለገባው ሰው ነው።

ሐሊማ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ሲሞት ከአራተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ እርሻውን ከእናቴ ጋር የያዘችው እሷ ናት። እኔ እንድማር ነው። «ተማሪዋ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ አንድም ደብዳቤ አልመጣም። ስለዚህ መክሳቷንም፣ ዝምታዋንም፣ እንቅልፍ ማጣቷንም እናቴ የባሏ ናፍቆት ነው ስትል ከርማለች። እኔ በመጣሁ በሳምንቱ ግን ሐሊማ እናቴ ያቀረበችላትን ገንፎ አሽትታ መለሰችው። መርዝ አለበት አለች። ከዚያ በኋላ ከእናቴ እጅ ምንም አልቀመሰችም።

እናቴ ወዳጃ አስደረገች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ዱዓ አደረጉላት፣ መረቋት። በዚህ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ሰው ከጎኗ የተቀመጠላት በዚያ ቀን ነበር። በማግስቱ እናቴ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ንገሪያቸው» አለችኝ።

ወሰድኋት።

ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ የሰፈራችን ሴቶች፣ የቀድሞ አስተማሪዬ ሚስት፣ ከሮቢት የመጡ ገበሬዎች ተቀምጠዋል። የካርዱ መስኮት ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ጤና ረዳቱ ብዕሩን አንሥቶ «ምኗን ነው የሚያማት?» አለኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ይህ ግን ሰበብ አይሆነኝም። አፌን ስከፍት የአስተማሪዬ ሚስት ቀና ብላ አየችኝ። «ንዳድ ነው» አልሁ።

«በጥር ንዳድ?» አለኝ። የወባ ወራት እንዳለፈ እሱም እኔም እናውቃለን።

«ከጎሊና ውኃ ዳር ስለምንውል ነው» አልሁ። ማሳችን ከጎሊና ሩቅ ነው።

«እንግዲህ ተማሪዋ ካለች» ብሎ ጻፈ። የደም መመርመሪያው ኬሚካል አልቆበት ነበር። ክሎሮኪን የሚባለውን የወባ ክኒን ሰጠን። ሐሊማ አጠገቤ ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ነበር።

ከዚያች ቃል የከፋው ደግሞ ሌላው ዝምታዬ ነው። አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዳለ አውቅ ነበር። እሑድ እሑድ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ አውቶቡሱ በበሩ ያልፋል። አብረውኝ የሚሳፈሩት ተማሪዎች እዚያ ስንደርስ እርስ በርሳቸው ይቀላለዳሉ፤ አንዱ ሌላውን «ወራጅ አለ በል እንጂ፣ ሰፈርህ ደረሰ!» ይለዋል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ቆቦ ቤታችን ውስጥ፣ እናቴ ምን ይሻላል እያለች ስታለቅስ፣ ያ በር ፊቴ ላይ ነበር። አልተናገርሁም። እህቴን እዚያ ሳስገባ ጓደኞቼ ቢያዩኝ ብዬ ፈራሁ። በየካቲት ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ። ያንን ወንበር ያገኘሁት በማን ድካም እንደሆነ እያወቅሁ።

ክረምት ስመለስ ሐሊማ ሌላ ሰው ሆና ነበር። ጠጉሯ ተያይዟል። ብቻዋን ትናገራለች፤ ከሰማይ ትጣላለች። ባሌ በመኪና እየመጣ ነው እያለች ወደ አስፋልቱ ትወጣለች። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ የጦር መኪና ተከታትሎ ያልፋል። አንድ ቀን መሐል መንገድ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። መኪናው ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ እናቴን ሰደባት። «እብድሽን እሰሪ!» አላት።

አሰርናት።

ገመዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የግመል መጫኛ ነበር። ቋጠሮውንም የቋጠርሁት እኔ ነኝ። ከቤቱ ምሰሶ ጋር። በቀኝ ቁርጭምጭሚቷ። ሐሊማ አልታገለችኝም። እግሯን ዘረጋችልኝ። ልጅ ሳለሁ ጫማዬን ስታስርልኝ እኔ እንደምዘረጋላት።

አርባ አንድ ቀን ታስራ ቆየች። በመስከረም መጀመሪያ ገመዱ የያዘው ቦታ ቆሰለ፣ አመረቀዘ። እንደገና ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ለቁስሉ። ያው ጤና ረዳት ነበር። ካርዷን ፈልጎ አወጣና አነበበ። ከዚያ ቁስሉን አየ። ከዚያ እኔን።

«ይህ የገመድ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ንዳድ ያለበት ሰው አይታሰርም።»

ያን ቀን ተናገርሁ። ወፎቹን፣ ገንፎውን፣ አስፋልቱን። ጸጥ ብሎ ሰማኝና «በጥር ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ ማዳን ባልችል ወደሚቻልበት እልካት ነበር» አለ። አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። ቁስሉን አጥቦ ፔኒሲሊን ወጋት። ወደ አዲስ አበባ የሪፈር ወረቀት ጻፈና «ከዛሬ ጀምሮ ገመድ የለም። ተራ ገብታችሁ አብራችኋት ተቀመጡ» ብሎ አዘዘን።

በዚያ ዘመን ከወረዳ ወጥቶ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ቀበሌ የሄድሁበት ቀን ስኳር በራሽን የሚሸጥበት ቀን ሆነና ቢሮው በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን ይዞ «የጉዞው ምክንያት?» አለኝ።

«እህቴን ላሳክም ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«የምን በሽታ?»

እንደገና ያው ጥያቄ። እንደገና ጆሮ ሁሉ ወደ እኔ። «የአእምሮ» አልሁ።

«ምን? አይሰማም።»

«የአእምሮ በሽታ ነው! ሐሊማ አእምሮዋን ታማለች!» አልሁ። ከሚገባው በላይ ጮኼ ነበር። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ኧረ ለሁለት አጻፊ፣ አንቺም እየጮኽሽ ነው» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም። ለእናቴና ለእኔም ጨምሮ ለሦስት ሰው ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት።

ወጥቼ ትንሽ እንደሄድሁ እትዬ ጥሩወርቅ ስኳራቸውን ሳይወስዱ ተከተሉኝ። ከእኛ ቤት አራተኛው ቤት ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው ተስፋዬ አሰብ ወደብ ሥራ ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እናቴ በዒዱም በፋሲካውም «ለተስፋዬ ሰላም በሉልን» ትላቸዋለች።

ክንዴን ያዙኝ። «የኔ ዓለም፣ የምትሄጅበት ቦታ ወንድ ይቀበላሉ?»

«ማን ታሞብዎት ነው፣ እትዬ?»

«ተስፋዬ።»

«አሰብ?»

«የምን አሰብ አመጣሽ» አሉና ወደ ቤታቸው አቅጣጫ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ጓዳ ነው ያለው።»

እዚያው መንገዱ ዳር ቆመን ሁለታችንም አለቀስን። የኔ ንዳድና የሳቸው አሰብ አንድ ነበሩ። እኔ ስምንት ወር፣ እሳቸው ስድስት ዓመት።

አዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ደሴ አድረን ነው። ሐሊማን እኔና እናቴ መሐል አስቀመጥናት፤ ከደሴ ወዲህ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ አንድ የከተማ አውቶቡስ አለፈ። ቀና ብዬ አየሁት። አንገቴን አልደፋሁም ብል ግን ውሸት ነው፤ ደፋሁ፣ ከዚያ ቀና አልሁ።

የመረመራት ሐኪም ጎልማሳ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሳይኮሲስ የሚባል፣ ሰው የሌለ ነገር የሚሰማበት የአእምሮ ሕመም ነው አለን፤ ስኪዞፍሬኒያ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። ድምፅ እሰማለሁ የምትለው ፈጥራ ሳይሆን እውነት ስለሚሰማት ነው፤ አትከራከሯት፣ አታሹፉባት አለ። እናቴ «ጂኒ አይደለም ወይ?» ስትለው፣ «እማማ፣ ዱዓውን አይተዉ፤ እኔ ደግሞ ክኒኑን እሰጣለሁ። አይጣሉም» አላት። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

እኔ ብቻዬን ገብቼ ሁሉንም ነገርሁት፤ የካርዱን፣ የቋጠሮውን። እኔ ነኝ ያሳመምኋት ብዬ ጠየቅሁት። «አንቺ አላሳመምሻትም። አዘግይተሻል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛውን ግን አልክድልሽም» አለኝ። ብዙ ሰው ሊያጽናናኝ ሞክሯል። ያቆመኝ ይህ ቃል ነው፤ እውነት ስለሆነ።

ሕክምናው ክሎርፕሮማዚን የሚባል ክኒን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስትተኛ ዋለች፣ አፏ ደረቀ፣ እጇ ተገተረ፣ እንደ እንጨት ሆና ትራመድ ነበር፤ እናቴ ልጄን ገደሏት ብላ ልታስወጣት ተነሣች፣ እኔም ልቤ አብሯት ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ነርሷ አስቀምጣን የመድኃኒቱ ጠባይ እንደሆነ፣ ለመገተሩም አርቴን የሚባል ክኒን እንዳለው፣ ቀስ በቀስም ልኩ እንደሚገኝ በትዕግሥት አስረዳችን። በሁለተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ልጠይቃት ስሄድ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣ የአንዲትን ታማሚ ጠጉር እየፈታች ትሠራላት ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና «ተማሪዋ፣ ከስተሻል፤ ምሳ አይሰጧችሁም እንዴ?» አለችኝ። ከዓመት በኋላ ስለ እኔ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ስትወጣ ችግሩ መድኃኒቱ ነበር፤ ቆቦ የለም፣ ወልድያም አላገኘንም። ሐኪሙ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አዘዘላትና ለጤና ረዳቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ እኔ በየዕረፍቱ የሦስት ወሩን፣ የአራት ወሩን ከአዲስ አበባ ይዤ እወርዳለሁ፤ እሱ ያስቀምጠዋል፣ ይወጋታል፤ በዓመቱ ደግሞ ከሐሊማ ጋር ተስፋዬንም፣ አንዲት የዋጃ ሴትንም በዚያው ቀን ይወጋ ጀመር። ተስፋዬ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ግን ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ ሰላም ሲሉት ይመልሳል፤ እትዬ ጥሩወርቅም ዛሬ «አሰብ» የሚለውን ቃል የሚያነሡት ለጨው ብቻ ነው።

ሐሊማም አንድ ጊዜ ተመልሶባታል፤ ደኅና ነኝ ብላ ሁለት መርፌ ስታስቀር። ባሏም እስካሁን አልመጣም፤ ስለ እሱ ስታነሣ ታለቅሳለች፣ ይህ ግን በሽታ አይደለም።

ለዚያ ሐኪም፣ ለነርሷ፣ ውሸቴን ይቅር ብሎ ሥራውን ለሠራው ጤና ረዳት ምስጋናዬን የምገልጥበት ቃል የለኝም። ለናንተ የምለው ጥቂት ነው። በካርዱ መስኮት ስትጠየቁ እውነተኛውን ንገሩ፤ ካፈራችሁ ጤና ረዳቱን ለብቻ አስጠርታችሁ ንገሩ። ታማሚውን በገመድ አትሰሩት፤ ከፈራችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ሲሻለው መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። የሰፈራችሁ ሰው «አሰብ ነው» ከተባለና ደብዳቤ ካልመጣ፣ እናቱን አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ።

ለሐሊማ የነገርኋት አምና ነው፤ ማሽላው ሲጠበቅ፣ ማማው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ። ያን ቀን ንዳድ ነው ያልሁት አፍሬብሽ ነው አልኋት። ወንጭፏን አዙራ ድንጋዩን ለቀቀች፣ ወፎቹ ተነሡ።

«እኔስ የት ነበርሁ? አጠገብሽ ቆሜ አልነበር» አለችኝ።

«ሰምተሽ ነበር?»

«ሰማሁ እንጂ። ያ ረቢ፣ ንዳድ አድርግልኝ እያልሁ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር እኮ፣ ተማሪዋ።»

ይህን እንድጽፍ ስለምናት ፈቀደች፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጻፊ። በሽታዬን ግን በስሙ ጥሪው።»

አጨዳው ባለቀ ቀን ከሁላችንም ቀድማ ከማማው ወረደች፤ ወንጭፉንም ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ።