ዳይሲ የተባለው ኦፕራሲዮን

የእንግሊዝኛ መምህርቷ እህተማርያም የማታውቀውን ቃል እንደምታውቅ ሆና ራሷን ነቀነቀች። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ነው። ለአጭር ጊዜ ሐዋሳ የመጣው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም የአባቷን የአቶ ካሳሁንን እንቅርት ዳሰሰና፣ "ኦፕራሲዮኑ ትንሽ ዳይሲ ነው፤ ነገ ውሳኔያችሁን ንገሩኝ" ብሏት ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ።

"ምን አለ?" አሉ አባቷ።

"አስቡበት ነው ያለው፣ አባዬ።"

"ማሰቡንማ መች ተውኩት!"

እንቅርቱ የአየር ቧንቧቸውን ተጭኖ እንቅልፍ ከነሳቸው ከርሟል። እህተማርያም ምሳ አልበላ አላት። ከሆስፒታሉ ወጥታ እግሯ እንደመራት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ደረሰች፤ የዓሣ ገበያው ጩኸት አላስቆም ሲላት ተመለሰች። ትምህርት ቤት ሄዳ መዝገበ ቃላት ብታገላብጥ፣ ያረጀ ነውና ቃሉ የለበትም። መምህራን ክፍል ባልደረባዋን ሙህዲንን አገኘችው።

"ዳይሲ? ከዳይስ የወጣ ነው" አላት። "ሉዶ ስንጫወት የምንጥለው የለም? የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች ናቸው አሉ ያመጡት፤ መመለሱ ለማያስተማምን በረራ። አደገኛ ብቻ ማለት አይደለም፣ እንደ ወጣልሽ ነው።"

"እንደ ወጣልሽ!" ደሟ ፈላ። "የሰው አባት ሉዶ ነው እንዴ?"

"እኔን ምን ትቆጫለሽ? ሰውየውን ጠይቂው እንጂ።"

በማግስቱ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠበቀችው። "ትናንት ያሉኝን ቃል አላወቅሁትም ነበር" ስትለው ፊቷ በርበሬ መሰለ። ያፈረው ግን እሱ ነው። "እንደዋዛ መናገር አልነበረብኝም" ብሎ ወንበር ሳበላትና አስረዳት። እንቅርቱ ለድምፅ የሚያገለግለውን ነርቭ ተጠግቷል፤ ሲወጣ ድምፃቸው ሊሄድ፣ ደምም ሊፈስ ይችላል። ከተተወ ደግሞ አንድ ቀን ትንፋሻቸውን ይዘጋዋል።

ሁሉንም ለአባቷ ነገረቻቸው፤ ሉዶውንም አልደበቀችም።

አቶ ካሳሁን ዕድሜያቸውን መናኸሪያ ውስጥ "ዲላ! ዲላ!" እያሉ ተሳፋሪ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ፈርቻለሁ።"

"እኔም። ግን ጩኸቱን ጠግቤዋለሁ፤ አየሩን ይክፈቱልኝ። ፈርሚ።"

ፈረመች። ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡ መቀመጥ አልቻለችም፤ ግቢውን ስትዞር፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እየሮጠች ስትመለስ ዋለች።

አቶ ካሳሁን በሕይወት ወጡ። ትንፋሻቸው ተከፈተ፣ ድምፃቸው ግን ከሹክሹክታ አላለፈም። አሁን ልጃቸውን ሲፈልጉ ያጨበጭባሉ። እህተማርያም ጭብጨባ ከሰማች፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ የያዘችውን ጥላ ብድግ ትላለች።