ሦስተኛዋ መስመር

ወንድሜን ፈልገው ቤታችን መጡ፤ ሲያጡት እኔን ይዘው ሄዱ። ያስገቡኝ ጎንደር ዳር ካለ የሰሊጥ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። ሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ሰሊጥ ቀርቶ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን እየለቀምን በላነው።

ሁላችንም ሴቶች ነን፤ የምንጠጣውም ከአንድ በርሜል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጥ ገባ። የታመሙትን ጓሮ ወዳለ ክፍል ይወስዷቸዋል። ከዚያ የተመለሰች አላየንም።

ከመካከላችን አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሲስተር እንላታለን። ለጠባቂዎቹ ኃላፊ ደጋግማ ነገረችው። እሱም በአንድ ቀን ሦስት አዲስ ሰው ከታመመ ሐኪምና የታከመ ውኃ አስመጣለሁ፣ ከዚያ ካነሰ ግን ተራ ሆድ ቁርጠት ነው አላት። እሷ ጉልበቷን ታማ ስለማትነሳ ቆጠራውን ለእኔ ሰጠችኝ።

"እኔ እኮ የተማርሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው" አልኋት።

"መስመር ማስመር አያቅትሽም።"

የከሰል ቁራጭ ሰጠችኝ። ግድግዳው ላይ፣ ከላይ ስንት እንደሆንን፣ ከታች ዛሬ የታመሙትን ጻፊ አለችኝ። የትናንቷን ታማሚ ከዛሬዋ እንዳልቀላቅል አስጠነቀቀችኝ። ስንት ታመመ ብቻውን ምንም አይነግርም፣ ከስንት ሰው መሆኑም መታወቅ አለበት አለችኝ።

እኔ ሰው ቀና ብዬ ማየት አልችልም። እየዞርሁ ስጠይቅ ድምፄ አይወጣም። "ሙሽራዋ መጣች፣ ሆዳችሁን አሳዩ" ይሉና ይስቁብኛል።

አንድ ጠዋት ከላይ ሠላሳ አንድ ጻፍሁ፤ ከታች ሁለት አሰመርሁ። አጠገቤ የሚተኙት ከመካነ ብርሃን የመጡ እናት ቀሚሳቸው ረጥቧል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ሳልጠይቃቸው እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ደህና ናቸው በዪልኝ። ወደዚያ ክፍል አትስደጅኝ።"

"እማማ፣ ሦስት ከሆነ ሐኪም ይመጣል እኮ።"

"ምነው፣ ያለ እኔ ሌላ አጣሽ?"

ከእናቴ ይበልጣሉ። እንዴት እምቢ ልበላቸው።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ "ስንት?" አለ። ሁለት አልሁ። ሁለቱን ወስደው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ የእማማ ዓይን ጎደጎደ። ሲስተር እየዳኸች መጥታ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ እንደተቆነጠጠ ቀረ። ዞራ አየችኝ።

በማግስቱ በሩ ሲከፈት በራሳቸው ነጠላ ጠቅልለን አወጣናቸው።

"ዛሬስ?" አለ ኃላፊው።

መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ሄድሁ። ከትናንቶቹ ጎን ሦስተኛዋን መስመር አሰመርሁ። ከዚያ ቀና ብዬ አየሁት።

"ትናንት ሦስት ነበሩ። አንዷን የደበቅሁ እኔ ነኝ።"

"የጠየቅሁሽ የዛሬውን ነው።"

"ዛሬ አንድ። ከሃያ ስምንት።"

በሩ ተዘጋ። ሐኪም አልመጣም።

አሁን፣ ተፈትቼ ቤት ከገባሁ ወዲህ፣ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እየዞረች ስትጠይቅ፣ እናቴ ታማ ተኝታም ቢሆን "ሁላችንም ደህና ነን" ትላታለች። እኔ ወደ ደጅ ወጥቼ ማን እንደታመመ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አንድ በአንድ እነግራታለሁ። ቀጥላ በቤቱ ስንት ናችሁ ትለኛለች። ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እሱን ጨምሬ እቆጥራለሁ፤ እንደገና ያለ እሱ እቆጥራለሁ።